የዲምብልቢ ፊልም ለወሎ ውለታ ነው ወይስ ዕዳ?

ጥያቄው፦ እንግሊዛዊው የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የወሎን ረሃብ ለአገሩ ተመልካች አሳየ። ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር ቀላቅሎ፣ ንጉሡ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሰራጨው። ጋዜጠኛው በዚህ ይጠየቃልን?

ከኮምቦልቻ፦ ይጠየቃል እላለሁ። ረሃቡን አስቀድመው የገለጡት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ነበሩ፤ ወሎ ድረስ መጥተው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ፊልሙ ከመታየቱ ከወራት በፊት አዲስ አበባ በግቢያቸው አቅርበዋል። ስማቸውን ዛሬ ማን ያነሳል? የቀረልን የእርሱ ስምና፣ ወሎ ሲባል ረሃብን ብቻ የሚያስታውስ ሰው ነው።

ከደሴ፦ ወንድሜ፣ ስለ መምህራኑ የተናገርከው እውነት ስለሆነ አልከራከርህም። ነገር ግን ቀርጾ ማሳየትና ቆርጦ መቀጠል የሁለት የተለያዩ እጆች ሥራ ነው። አባቱ ሪቻርድ ዲምብልቢ እ.ኤ.አ. በ1945 ቤልሰን ከተባለው የናዚ ማጎሪያ ያየውን በሬዲዮ የዘገበ፣ እንግሊዞች እንደ ቤተሰብ የሚያምኑት ድምፅ ነበር፤ ልጁም በ29 ዓመቱ ያንን አመኔታ ተሸክሞ ወደ እኛ ሲመጣ፣ የመምህራኑ ፎቶግራፎች ያልደረሱበት የባዕድ ሰው ሳሎን ድረስ የገበሬያችንን ፊት አደረሰ፤ እርዳታም የጎረፈው ከዚያ በኋላ ነው። እናቴ ያን ጊዜ ከመንገድ ዳር መጠለያ የተቀበለችውን አንድ ቁና ስንዴ እስከ ዕለተ ሞቷ ስታነሳ ኖራለች፤ ስለዚህ ለእኔ ይህ የወሬ ጉዳይ አይደለም።

ከወልዲያ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ፊልሙን ለሥልጣን የተጠቀመበት መንግሥት ራሱ መስከረም 1977 ዓ.ም. አሥረኛ ዓመቱን በድግስ ሲያከብር ረሃባችንን ደበቀ፤ ከወር በኋላ ማይክል በርክና ካሜራ ያዡ መሐመድ አሚን፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ኮረም ያመጡት ዘገባ በቢቢሲ ታየ። ምስል ለአንድ ገዥ ብቻ አያድርም።

ከኮምቦልቻ፦ ስለ ቆራጩ እጅ ያላችሁትን ተቀብያለሁ፤ ክሱ በደርግ ላይ ይሁን። ሆኖም በፊልሙ ውስጥ ያሉት እናቶችና ሕፃናት ስማቸውም ቀዬአቸውም ሳይነገር ዛሬም ይታያሉ። ፊልሙ በደሴ ይታይ ከተባለ፣ በሕይወት ያሉ አዛውንቶች ተጠርተው የሚያውቁትን ፊት በስሙ እንዲጠሩ እጠይቃለሁ።