ክሊቱ ፔዳሉን አልነክስ አለ፣ ብሎኑም አልፈታ ብሏል

ሰላም ብስክሌተኞች፣ ያለሁት ሱሉልታ ነው። ጫማዬ ሶሉ ካርቦን የሆነ ባለ ሦስት ቀዳዳ የአስፋልት ጫማ ነው፤ የታሰረበት ክሊት (ከሶሉ ሥር ታስሮ ፔዳሉን የሚነክሰው ቁራጭ) ግራጫው የሉክ ኬዮ ነው። ፔዳሌ ግን ሺማኖ ኤስፒዲ-ኤስኤል ነው። የሉክም የሺማኖም ክሊቶች በሦስት ብሎን ቢታሰሩም ቅርጻቸው ስለሚለያይ የአንዱ ክሊት የሌላውን ፔዳል አይነክስም። ስለዚህ ክሊቱን ብቻ መቀየር ይበቃል፤ ጫማውን መለወጥ ገንዘብ ማባከን ነው።

የቸገረኝ መፍታቱ ነው። የግራው ጫማ የፊት ብሎን ራስ በጭቃና በዝገት ተበልቶ ባለ 4 ሚሊሜትር አለን ቁልፍ ይሽከረከርበታል። ዘይት አሳድሬበት አልላላም። በእሳት እንዳላሞቀው ለሶሉ እፈራለሁ። አሁን ያሰብኩት የብሎኑን ራስ በ5 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ቆርጬ ክሊቱን ማንሳት፣ ከዚያ የቀረውን ግንድ በፒንሳ ማውጣት ነው። ይህን የሠራችሁ፣ ሶሉ ውስጥ ያለው ባለ ጥርስ ብረት አብሮ ይዞራል ወይ? ወይስ ራሱን በመጋዝ ሰንጥቆ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ መሞከር ይቀድማል?

ሌላው የአዲሱ የሺማኖ ክሊት የቀለም ምርጫ ነው። ቢጫው ጫማውን ፔዳሉ ላይ ወደ ግራና ቀኝ 6 ዲግሪ፣ ሰማያዊው 2 ዲግሪ ያወዛውዛል፤ ቀዩ ጨርሶ አያወዛውዝም። ወደ እንጦጦ ዳገት ረጅም ሰዓት ለሚገፋ ጉልበት ቢጫው ይሻላል ባይ ነኝ። ሰማያዊውን የምትመርጡ ካላችሁ ምክንያቱን ንገሩኝ።