አንድ ዓይነት ቀረጥ አንድ ዓይነት መብት ነው?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያችን ይኸውላችሁ። ኢትዮጵያ በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ኪጋሊ ላይ የፈረመችው የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነት ለደካማውም አገር ፍትሐዊ ነው ወይ?

የሰሊጥ ነጋዴ፦ ነው እላለሁ። ለሁሉም አንድ ሕግ ወጣ፣ ገበያው ሰፋ፤ የቀረው የየራሳችን ጉብዝና ነው። እስከ መቼ ታዝለን እንሄዳለን?

የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ፦ ጋሼ፣ በዚህ አልስማማም። አባቴ ጉልበቱን የጨረሰበት የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራ ነው። በመንግሥታት መካከል ፍትሕ ማለት የተጎዳውን መካስ ጭምር መሆኑን የዚህች ከተማ ሰው ያውቃል። መለዋወጫ ለማስመጣት የውጭ ምንዛሪ ወረፋ የሚጠብቅ የአገር ቤት ፋብሪካና የግብፅ ግዙፍ የጥጥ ፋብሪካ ቀረጣቸው ስለተስተካከለ ብቻ እኩል አይሆኑም።

መምህር፦ ስምምነቱ ሁሉንም በአንድ ዓይን አላየም። ከሸቀጥ ዓይነቶች በ90 በመቶው ላይ ያለውን ቀረጥ እነ ግብፅ በ5 ዓመት፣ እንደ እኛ ያሉት በልማት ወደ ኋላ የቀሩ አገሮች በ10 ዓመት ያነሳሉ፤ 3 በመቶውን የሸቀጥ ዓይነት ከዚህ ጨርሶ ውጭ አድርጎ ቀረጡን ማቆየት ይቻላል። እኔን የሚያሰጋኝ ጊዜ ብቻውን መድኃኒት አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብን ሲመሠርቱ፣ ደካሞቹ ከጎረቤት በሚገባ የፋብሪካ ምርት ላይ ልዩ ግብር እንዲጥሉ ተፈቅዶላቸው ነበር፤ የልማት ባንክም ተቋቋመ። ኢንዱስትሪው ግን ወደ ኬንያ ማድላቱን አልተወም። ቅሬታው ከታንዛኒያው መሪ ከኔሬሬና ከኡጋንዳው መሪ ከኢዲ አሚን ጠብ ጋር ተደምሮ ማኅበሩን በ1977 አፈረሰው። አሥር ዓመት እንኳ በቅጡ አልኖረም!

የደረቅ ዓሣ ነጋዴ፦ መምህር፣ እናንተ የምታወሩት ስለ አገሮች ነው። እኔ የጣናን ዓሣ አድርቄ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ስወስድ፣ ኬላ ላይ ያለ ምክንያት ቢታገድብኝ ማንን የት እከሳለሁ?

መምህር፦ እኅቴ፣ ዋናውን ነገር አነሳሽው። በስምምነቱ መሠረት መክሰስ የሚችለው መንግሥት ብቻ ነው። ነጋዴ እንቅፋት ሲገጥመው የሚያመለክትበት መንገድ ተዘርግቷል፤ ፍርድ ቤት ግን አይደለም።

የሰሊጥ ነጋዴ፦ ይህን አላሰብኩትም። እኔ መኪና ሙሉ የምጭነው ሰው ጠበቃም ደላላም አቆማለሁ። አምስት ኩንታል ይዞ የሚመጣው ግን ማንን ያቆማል? ሕጉ አንድ ነው ያልኩትን እዚህ ላይ ትቻለሁ።

የደረቅ ዓሣ ነጋዴ፦ እርጥበት የነካው ዓሣ ይሻግታል። ማመልከቻዬ እስኪታይ ዓሣው የት ይቆያል?