አይፔ እንጨት ላይ ቪቴ እየተቀነጠሰ ነው፣ አስቸኳይ!

ጠያቂ፦ ሰላም ወንድሞች። ሜሪላንድ ውስጥ ዴክ (የደጅ የእንጨት ወለል) እያነጠፍን ነው። ቪቴው ግማሽ ከገባ በኋላ ራሱ ቅንጥስ ይላል፣ ፑንታው ይጨሳል። እንጨቱ ከልክ በላይ ደርቆ ነው መሰለኝ። ነገ ማስረከብ አለብን! የተሰበረውንስ በምን ላውጣው?

መላጊያ፦ ቪቴው ምንድን ነው? ስንት ቁጥር? በስንት ፑንታ ነው ቀድመህ የምትበሳው?

ወራጅ፦ ድርቀቱ አይደለም፣ የአይፔ ተፈጥሮው ነው። አንድ ሜትር ኩብ ከ1,000 ኪሎ ስለሚበልጥ ውሃ ውስጥ ይሰምጣል። በጃንካ የጥንካሬ መለኪያ 3,500 ፓውንድ አካባቢ ነው፤ ቀይ ኦክ 1,290 ነው። ደግሞም ከኖቬምበር 25 ቀን 2024 ጀምሮ በሳይተስ (ለመጥፋት የሚያሰጉ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ቁጥጥር ስር ስለገባ፣ ሻጩ ሕጋዊ ወረቀት እንዳለው ጠይቅ።

ጠያቂ፦ 8 ቁጥር ስቴንለስ፣ በ3/32 ኢንች እየበሳሁ፣ በኢምፓክት (እየመታ በሚያዞር ማሰሪያ) ነው የማስረው። ወረቀቱ ይቆየኝ፣ ቪቴው ነው የቸገረኝ።

ኮላ፦ ቀድመህ ብሳ።

ሰጋቱራ፦ የኖኅ መርከብ በአይፔ አለመሠራቱ ተመስገን 😄 ቀዳዳህ ጠቧል። ስቴንለስ ከጠንካራው ብረት ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ ሲጠመዘዝ ቶሎ ይቆረጣል። ጣውላውን በ1/8 ብሳ፤ አሁንም ከከበደ 9/64። አትፍራ፣ የሚይዝልህ ከስር ያለው ወራጅ ነው፤ አይፔው በቪቴው ራስ ይጨመቃል። ለራሱም ማስገቢያውን አስፋ፣ ካልሆነ ጣውላው ይሰነጠቃል። ፑንታውን በየግማሽ ኢንቹ እየሳብክ ሰጋቱራውን አውጣ፤ የሚጨሰው ታፍኖ ነው። የቪቴውን ጥርስ ሰም ቀባው። ኢምፓክቱን ተወውና ክላች (ሲከብደው የሚለቅ) ባለው ድሪል ቀስ ብለህ እሰር።

መላጊያ፦ ቆይ፣ አይፔ መሆኑን አረጋግጠሃል? ኩማሩ የሚባለውን ሌላ ጠንካራ እንጨት አይፔ ብለው ይሸጣሉ። የአይፔ ሰጋቱራ ቢጫ ዱቄት አለው፤ አሞኒያ ጠብ ስታደርግበት ይቀላል።

ኮላ፦ እኔ ያልኩት ይኸው ነው፣ ቀድሞ መብሳት።

ሰጋቱራ፦ ኩማሩም ቢሆን አበሳሱ ያው ነው። የተሰበረው ጫፉ ከወጣ በመቆለፊያ ፒንሳ ያዝና ወደ ኋላ አዙረው። ከእንጨቱ እኩል ከተቆረጠ አትታገለው፤ ዙሪያውን በሚቆርጥ ክፍት ቱቦ አውጥተህ ቀዳዳውን በአይፔ ውታፍ ሙላው። ቦታውን መጀመሪያ በአሴቶን ጥረግና ወዲያው ኢፖክሲ አድርግ፤ ዘይታም ስለሆነ ተራ ኮላ አይይዘውም። ማስክም አድርጉ፣ ያ ቢጫ ዱቄት ቆዳና ሳንባ ይቆጣል።