ለኤጀንት የተጻፈ የቱል መግለጫ ጥሩ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ጥያቄ

ሰላም ለእናንተ። ለአንድ ክሊኒክ ከታካሚዎች ጋር በአማርኛ እየተጻጻፈ ቀጠሮ የሚይዝ የኤአይ ኤጀንት በመሥራት ላይ ነኝ። ኤጀንቱ ዘጠኝ ቱሎች፣ ማለትም የቋንቋ ሞዴሉ ሥራ ለመፈጸም የሚጠራቸው የፕሮግራም ተግባራት አሉት፤ አንዱ ክፍት ሰዓት ይፈልጋል፣ አንዱ ቀጠሮ ይይዛል፣ አንዱ የተያዘውን ወደ ሌላ ቀን ያዛውራል፣ አንዱ ይሰርዛል፣ የቀሩት ስለ ዋጋና ስለ ሐኪሞች መረጃ ያወጣሉ። ሞዴሉ አንብቦ የትኛውን እንደሚጠራ እንዲመርጥ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገር መግለጫ ጻፍኩ። ባልደረቦቼ አንብበው ግልጽ ነው አሉኝ፤ ሌላ ሞዴል ከ10 ነጥብ እንዲሰጠው ባደርግም 9 ሰጠው። ይሁን እንጂ ታካሚው «ነገ አይመቸኝም፣ ከነገ ወዲያ ይሁንልኝ» ብሎ ሲጽፍ ኤጀንቱ ማዛወሪያውን ትቶ መሰረዣውን ይጠራል፣ ከዚያም እንደ አዲስ ቀጠሮ ሊይዝ ይሞክራል። የተፈለገው ቀን ሞልቶ ከተገኘ ታካሚው ሁለት ያጣ ጎመን ይሆናል። ያነበበው ሁሉ ያመሰገነው መግለጫ ሥራ ላይ ሲውል ለምን ይስታል? ጥራቱንስ በምን ብለካው ልተማመንበት እችላለሁ?

መልስ 1

የመግለጫን ጥራት በማንበብ ብቻ ማወቅ አይቻልም ብዬ አምናለሁ። ባልደረቦችዎም ሆኑ ነጥብ የሰጠው ሞዴል ያነበቡት እያንዳንዱን መግለጫ ለየብቻው ይመስለኛል፤ ኤጀንቱ ግን የዘጠኙንም ስም፣ መግለጫና የፓራሜትር ስኪማ (ቱሉ እንደ ቀንና ሰዓት ያሉ የትኞቹን መረጃዎች በምን ቅርጽ እንደሚቀበል የሚያሳይ ዝርዝር) በአንድ ጊዜ አይቶ ነው የሚመርጠው። የመሰረዣው መግለጫ ለምሳሌ «ታካሚው በተያዘለት ቀን መምጣት ሲያቅተው ይጠራል» የሚል ቢሆን ብቻውን ሲነበብ እንከን አይገኝበትም። ከማዛወሪያው ጎን ሲቆም ግን ድንበሩ ይፈርሳል፤ ቀን ሊያስለውጥ የመጣውም ታካሚ በተያዘለት ቀን መምጣት ያልቻለ ሰው ነውና። ስለዚህ መግለጫው ቱሉ ምን እንደሚሠራ ከመናገር አልፎ መቼ እንደማይጠራና በዚያን ጊዜ የትኛው ሊጠራ እንደሚገባው ቢያመለክት ይሻላል።

ለመለካት ታካሚዎች በእውነት የጻፏቸውን መልእክቶች ስማቸውንና ስልካቸውን አጥፍተው ይሰብስቡ፤ ለእያንዳንዱም ትክክለኛው ቱል የትኛው እንደሆነና ፓራሜትሮቹ በምን መሞላት እንዳለባቸው አስቀድመው ይመዝግቡ። ከሁሉ የሚጠቅሙት በሁለት ቱሎች ድንበር ላይ የሚወድቁት ናቸው። ምንም ቱል ሊጠራባቸው የማይገቡ መልእክቶችንም አይርሱ፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ሲባል ቀጠሮ ፍለጋ የሚሄድ ኤጀንት መግለጫው ከመጠን በላይ ጋብዞታል ማለት ነው። ከዚያ ሞዴሉን ሳይቀይሩ የአንዱን ቱል መግለጫ ብቻ ለውጠው ይሞክሩ። ለተመሳሳይ መልእክት ሞዴሉ የተለያየ ምርጫ ሊያደርግ ስለሚችል እያንዳንዱን ደጋግመው ያስኪዱ፤ በመጨረሻም የትኛው ቱል በየትኛው እየተተካ እንደሚጠራ በሠንጠረዥ ያስቀምጡት። ከጠቅላላው ውጤት ይልቅ ይህ ሠንጠረዥ የትኛውን ዓረፍተ ነገር ማረም እንዳለብዎ ይነግርዎታል። መግለጫውን ሲያርሙ የማያዩት የተወሰነ የመልእክት ክፍልም ለብቻው ያስቀምጡ፤ ያለዚያ መግለጫው የተሻለው ለእነዚያ መልእክቶች ብቻ ይሁን በአጠቃላይ አይለይም።

መልስ 2

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ትክክለኛው ቱል ተጠርቶም ስህተት ሊኖር ይችላል። ታካሚው «ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት» ሲል በዓለም አቀፉ አቆጣጠር 15፡00 ማለቱ ነው። የሰዓቱ ፓራሜትር መግለጫ «የቀጠሮ ሰዓት» ብቻ ከሆነ ኤጀንቱ 09፡00 ብሎ ሊልክ ይችላል፤ ስኪማውም ቅርጹ ትክክል ነውና ይቀበለዋል። ቱሉ በትክክል ተመርጧል፣ ስህተት የሚል መልእክትም አልመጣም፤ ቀጠሮው ግን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ተይዟል። የቱል ምርጫን ብቻ የሚቆጥር መለኪያ ይህን እንደ ስኬት ይመዘግበዋል። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ መስከረም 1 በአብዛኛው ሴፕቴምበር 11 ላይ ሲውል አንዳንድ ዓመት 12 ላይ ይውላል፣ ጳጉሜም 5 ወይም 6 ቀን ይኖራታል። እኔ ብሆን ይህን ስሌት በመግለጫ ለሞዴሉ ለማስተማር አልደክምም። ቱሉ የኢትዮጵያን ቀንና ሰዓት እንዳለ ተቀብሎ በኮድ ይቀይር፤ መግለጫው የትኛውን አቆጣጠር እንደሚቀበል ከአንድ ምሳሌ ጋር ይናገር። አንድ መግለጫ ማስጠንቀቂያ ሲበዛበት ብዙውን ጊዜ መታረም ያለበት ቱሉ ራሱ ነው።

መልስ 3

መግለጫው በየትኛው ቋንቋ እንደተጻፈ አልገለጹም። የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተር ጽሑፍን በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ-8 አሠራር ለእያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል፤ በብዙ ሞዴሎችም የአማርኛ ጽሑፍ ተመሳሳይ ይዘት ካለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብዙ ቶክን (ሞዴሉ ጽሑፍን ከፋፍሎ የሚያነብበት ቁራጭ) ይፈጃል። የቱል መግለጫ ሞዴሉ በተጠራ ቁጥር አብሮ ስለሚገባ ወጪው ይደጋገማል። ዋናውን ማብራሪያ በእንግሊዝኛ ጽፈው «ይዛወርልኝ»፣ «ቀኑ ይቀየርልኝ»፣ «ይሰረዝልኝ» የሚሉትን የታካሚዎቹን አባባሎች በአማርኛ እንዳሉ ቢያስገቡ ጥሩ ነው እላለሁ፤ ይህንንም ቢሆን ከላይ በተነገረው መንገድ አወዳድረው ይወስኑ። ሌሎች የጻፏቸውን ቱሎች፣ ለምሳሌ አንትሮፒክ እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ ባደረገው ሞዴሎችን ከውጭ ቱሎች ጋር በሚያገናኘው መስፈርት በሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል በኩል የሚያገናኙ ከሆነ ደግሞ መግለጫቸውን ቃል በቃል ያንብቡ። መግለጫ ወደ ሞዴሉ የሚገባ ጽሑፍ በመሆኑ የተደበቀ ትእዛዝ ሊሸከም ይችላል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የመሰረዣው መግለጫ በእርግጥም ከተጠረጠረው ጋር ተመሳሳይ ሆኖ አገኘሁት። አሁን «ታካሚው ሌላ ቀን የማይፈልግ መሆኑን ሲናገር ብቻ ይጠራል፤ ሌላ ቀን ከፈለገ ማዛወሪያውን ጥራ» ይላል፤ በሰበሰብኳቸው መልእክቶች ላይም የማዛወርና የመሰረዝ መደባለቁ በግልጽ ቀንሷል። የሰዓቱን ቅየራ ወደ ኮዱ አስገብቻለሁ። ያልተፈታልኝ «የነገው ይቅርብኝ» የሚለው ነው፤ ኤጀንቱ አንዳንዴ ይሰርዛል፣ አንዳንዴ ያዛውራል። መግለጫውን አራት ጊዜ ብለውጠውም አልተስተካከለም።

መልስ 1

እርስዎም እኔም ያችን መልእክት ብናነብ ታካሚው የቱን እንደፈለገ እርግጠኛ መሆን አንችልም። ስለዚህ በመዝገብዎ ላይ ትክክለኛው መልስ ከሁለቱ ቱሎች አንዱ መሆን የለበትም፤ «ሌላ ቀን ልያዝልዎት ወይስ ይሰረዝ?» ብሎ መጠየቅ ተብሎ ይጻፍ። በመሰረዣው መግለጫ ላይም የታካሚው ፍላጎት ግልጽ ካልሆነ ከመጥራቱ በፊት እንዲጠይቅ ይጨምሩና እንደገና ያስኪዱት። ከዚያም አልፎ ከሰረዘ፣ ከመሰረዙ በፊት የታካሚውን ማረጋገጫ የመጠበቁን ግዴታ ከመግለጫው አውጥተው ወደ ቱሉ ኮድ ያስገቡት።