ስልኬ ላይ ሁሉ ካለ ወረዳው ለምኔ?

የፒያሳው ልጅ፦ ዛሬ ለአንዲት ማስረጃ አንድ ወረዳ ሄጄ ግማሽ ቀን ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ «ሲስተም የለም» ተባልኩ። እዚያው ሰልፍ ላይ ቆሜ ግን የመብራት ከፍያለሁ፣ ለእናቴ ብር ልኬያለሁ። እስቲ ንገሩኝ፣ የመንግሥት ሥራው ምንድን ነው? ስልክ ከሠራው አሁንም ያን ያህል ያስፈልገናል? ስድብ የለም!

ኮደሩ፦ በዚህ ውፍረቱ አያስፈልግም ባይ ነኝ። ለእኔ መንግሥት ማለት መዝገብ፣ ማኅተምና መስኮት ነው። ሦስቱንም ሶፍትዌር ይሠራቸዋል። ኢስቶኒያን እዩ። እንደ ፈረንጆቹ ከ2001 ጀምሮ መሥሪያ ቤቶቿ መረጃ የሚቀባበሉት ኤክስ ሮድ በሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። ከ2005 ወዲህ ደግሞ በኢንተርኔት ይመርጣሉ።

የሕግ ተማሪዋ፦ ማንን ሊመርጡ? መንግሥትን አይደል እንዴ! ያ ብር የተላከው በቴሌብር ከሆነም፣ ቴሌብር የኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮም ደግሞ በአብዛኛው የመንግሥት። አመለጥኩ ስትሉ ኪሱ ውስጥ ናችሁ።

ኮደሩ፦ የሳፋሪኮሙ ኤም ፔሳስ?

የሕግ ተማሪዋ፦ እሱም ፈቃዱን ያገኘው ከብሔራዊ ባንክ ነው።

ሒሳብ ያዥዋ፦ ፍልስፍናውን ለእናንተ ልተወው። ካዛንቺስ በምሠራበት ጊዜ አሥራ ሁለት ሆነን ዕቁብ እንጥል ነበር። ጸሐፊዋ እኔ። መጀመሪያ በደብተር ነበር፣ ኋላ ቴሌግራም ግሩፕ ከፈትን። ብሩ በስልክ ይገባል፣ ስክሪንሾት ይለጠፋል፣ ዕጣው በቪዲዮ ይወጣል። እንዲህ የጠራ ሒሳብ በዕድሜዬ ይዤ አላውቅም። ታዲያ ሦስተኛውን ዕጣ የወሰደው ልጅ በአምስተኛው ወር ከግሩፑ ወጣ። በቃ። ስሙ፣ ቀኑ፣ ብሩ፣ ሰዓቱ ሁሉ እጄ ላይ አለ። ምን ላድርገው? ስልኩ ጎትቶ አያመጣው! በደብተሩ ጊዜ ዋስ እንጠራ ነበር፤ ቴሌግራም ከገባን ወዲህ ማን ዋስ ይጠይቃል? ሁሉም ነገር ይታያል ብለን ተዘናጋን። መጨረሻ ላይ ስክሪንሾቱን በወረቀት አሳትመን ከሰስን። መጥሪያው በደረሰው በሳምንቱ ደወለ። «እኅቴ፣ በሽማግሌ እንጨርሰው» አለ። ያስደወለችው ወረቀቱ ላይ ያለችው ክብ ማኅተም ናት። ሶፍትዌር ይሠራታል ያልካት፣ ያቺው።

የአራት ኪሎው ጡረተኛ፦ ልጄ፣ ቶማስ ሆብስ የሚባለው እንግሊዛዊ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያለው ይህንኑ ነው። የሚያስገድድ ኃይል ከሌለ ውል ባዶ ቃል ነው ባይ ነበር። እኔ የምፈራው ግን ሌላውን ጎን ነው። ቀበሌ በ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲመጣ የነዋሪዎች ማኅበር ነበር። ኪራይ ይሰበስባል፣ ጎረቤት ያስታርቃል። ብዙም ሳይቆይ ጠመንጃ ያዘ፤ የሆነውን ታውቃላችሁ። ያኔ ማን የት እንዳደረ ለማወቅ በር ማንኳኳት ነበረባቸው። ዛሬ ፋይዳ የሚባለው ዲጂታል መታወቂያ አሻራዬንና የዓይኔን ብሌን ይዟል። አልጠላሁትም፣ ወድጄ ነው ያወጣሁት። ግን ቴክኖሎጂ መንግሥትን ያሳንሰዋል ስትሉ ይገርመኛል። እኔ የማየው እጁ ሲረዝም ነው።

የሕግ ተማሪዋ፦ ለዚያ እኮ ነው ጋሼ፣ በ2016 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ የወጣው። ቁጥር 1321።

የአራት ኪሎው ጡረተኛ፦ የሚያስከብረውስ ማን ነው?

የሕግ ተማሪዋ፦ ያው... መንግሥት። ግን እኮ ፍርድ ቤትም አለ፣ ፓርላማም አለ። አንዱ ሌላውን ይይዛል ነው ሐሳቡ።

ኮደሩ፦ እሺ፣ መስኮቱን ብቻ ስጡኝ። መስኮቱ ይዘጋ፣ ዳኛው ይቆይ። በዚህ እንስማማ?

የፒያሳው ልጅ፦ እኔ መስኮቱ ከተዘጋልኝ ይበቃኛል። እናቴ ግን ስማርት ስልክ የላትም፤ እሷን ማን ያስተናግዳታል?

ኮደሩ፦ አንተ። ይልቅ እትዬ፣ ብሩ ተመለሰ?

ሒሳብ ያዥዋ፦ ግማሹ። ቀሪውን በየወሩ በቴሌብር እየላከ ነው።