ቡልፐፕ ጠመንጃ፦ ጦሮች የተዉትን በራስ ገንዘብ መግዛት ያዋጣል?

ናቲ (ዳላስ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ጥያቄ ላንሳ፣ ተከራከሩበት። ታቮር ኤክስ-95 የሚባል የእስራኤል ጠመንጃ አለኝ። ለማታውቁት፣ ቡልፐፕ የሚባለው ዓይነት ነው። ካዝናውና ጥይቱ የሚፈነዳበት ክፍል ከምላጩ ኋላ፣ ሰደፉ ውስጥ ነው የተቀመጠው። ሰሞኑን የተኩስ ሜዳ ላይ አንድ ሰውዬ «ጦሮች የጣሉትን ዕቃ ነው የገዛኸው» ብሎ አሾፈብኝ። ነገሩ ከነከነኝ፣ ምክንያቱም ባዶ ወሬ አይደለም። ፈረንሳይ ፋማስ የሚባለውን ቡልፐፗን ትታ በ2016 የጀርመኑን ኤችኬ-416 መረጠች። ኒውዚላንድ ስታየር ኦግ የሚባለውን ቡልፐፕ ትታ የአሜሪካኑን ኤም-4 የሚመስል ጠመንጃ ገዛች። ቻይናም በ2019 ሰልፏ ላይ ካዝናው ከምላጩ ፊት የሆነ አዲስ ጠመንጃ ይዛ ወጣች። ታዲያ ቡልፐፕ አበቃለት? ምላጩን በተሻለ ልቀይረው እያሰብኩም ነበር። ገንዘብ ልጨምርበት ወይስ ልገላገለው?

ጋሽ ተሾመ (አትላንታ)፦
ሽጠው ልጄ። እኔ ክላሽ ይዤ ያደግሁ ወታደር ነኝ። ጭቃ ገባ፣ አሸዋ ገባ፣ ሳብ ስታደርገው ይተኩሳል። እንግሊዞችን አትመለከትም? ኤል-85 የሚሉትን ቡልፐፕ በ1985 አስታጠቁ። በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ላይ በረሃው ጉዱን አወጣው። በኋላ ለጀርመኖቹ ሄክለር እና ኮክ ሰጥተው ወደ 200 ሺህ የሚጠጋ ጠመንጃ እንደገና አሠሩ። ሠራዊት የሚያህል ነገር እንዲህ ከተቸገረ አንተ ምን ቤት ነህ?

ማስረሻ (አሽዶድ)፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ያነሱት ታሪክ እርስዎን አይደግፍም። ጀርመኖቹ ምኑን ነው የቀየሩት? ቀለህ የሚስበውን ጥፍር፣ መርፌውን፣ መዶሻውን፣ ካዝናውን፣ እንዲህ ያሉ ክፍሎችን ነው። ቅርጹን አልነኩትም። ካዝናው ዛሬም ከምላጩ ኋላ ነው። ጠመንጃውም ከዚያ በኋላ አፍጋኒስታንን አይቶ ተመለሰ። ስለዚህ የከሸፈው አሠራሩ ነበር እንጂ ቡልፐፕነቱ አይደለም። ሁለቱን ባንቀላቅል ጥሩ ነው።

እኔ የእስራኤል ሠራዊት ውስጥ፣ ጊቫቲ በሚባል ብርጌድ ነው ያገለገልኩት። ታቮርን መጀመሪያ የታጠቀው የእኛ ብርጌድ ነው። ጥቅሙ የሚገባችሁ ጠባብ በር ስትገቡና ከመኪና ስትወርዱ ነው። ቁጥሩን እዩት። የመጀመሪያው ታቮር ጠቅላላ ርዝመቱ 72 ሳንቲ ሜትር ነው፣ በርሜሉ ግን 46 ነው። ኤም-4 ሰደፉ ሲዘረጋ 84 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ በርሜሉ 37 ብቻ። አጭር ጠመንጃ ረዥም በርሜል ይዞ። የጥይቱ ፍጥነት ከበርሜል ርዝመት ጋር ስለሚሄድ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጋሽ ተሾመ፦
ታዲያ ለምን ተዉት?

ማስረሻ፦
ሁሉም አልተዉትም። አውስትራሊያ ዛሬም የራሷን ስታየር ሊትጎ በምትባል ከተማ ትሠራለች። ኦስትሪያም ይዛዋለች። ክሮኤሺያ የራሷን ሠርታለች። የተዉት ደግሞ ምክንያታቸው ብዙ ነው። ፋማስ አርጅቶ ነበር፣ ፈረንሳይም መሥራት ካቆመች ቆይታለች። እኛ ጋ ኤም-16 እና ኤም-4 ከእጃችን ጠፍተው የማያውቁት ታቮር ስለከሸፈ አይደለም። የአሜሪካ ወታደራዊ ዕርዳታ በአብዛኛው አሜሪካ ውስጥ ነው የሚወጣው። በዕርዳታ ገንዘብ ከምታገኘው ጋር የራስህ ፋብሪካ እንዴት ይፎካከራል? ገበያው ነው የወሰነው።

ቤቲ (ሜሪላንድ)፦
ማስሬ፣ ግማሹን ብቻ ነው የነገርከን። እኔ ግራኝ ነኝ። የጓደኛዬን ቡልፐፕ በግራ ትከሻዬ ደግፌ ስተኩስ ቀለሁ ጉንጬ አጠገብ ነው የሚወጣው። የባሩዱ ጭስ ደግሞ ዓይኔ ውስጥ። ታቮር ለግራኝ ይቀየራል ትሉኛላችሁ፣ አዎ ይቀየራል። ግን የግራ ቦልት (ጥይቱን የሚያጎርሰው ክፍል) ለብቻው ተገዝቶ፣ ጠመንጃው ተፈትቶ ነው። ከዚያ ደግሞ ቀኝ እጅ ሰው አይሆነውም። የእንግሊዞቹማ ጭራሽ በግራ አይተኮስም። ከአሥር ሰው አንዱ ግራኝ በሆነበት ሠራዊት ይህ ራስ ምታት ነው። ቀኝ እጅ የሆነውም ወታደር ቢሆን በግራ በኩል ካለ ማዕዘን ጀርባ ለመተኮስ ትከሻ መቀየር አለበት። ቀለሁን ወደ ፊት የሚተፉ፣ ወደ ታች የሚጥሉ ቡልፐፖች አሉ። ችግሩ ባይኖር ኖሮ ማን ይለፋ ነበር?

ደግሞ ናቲ፣ ወደዚህ ልትዛወር ካሰብክ ሕጉን አንብብ። በፌዴራል ሕግ ጠመንጃ ከ26 ኢንች ማነስ የለበትም፣ የአንተ ለጥቂት ያልፋል። ሜሪላንድ ግን እንዲህ ዓይነቱ ጠመንጃ ከ29 ኢንች ካነሰ ይከለክላል። ስታየር ኦግ ደግሞ በስሙ ተዘርዝሯል። ክልከላውን ለማስነሳት የተከፈተውን ክስ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2025 አላይም ብሎታል። የቡልፐፕ ዋና ጥቅም አጭርነቱ ነው አላችሁ፣ እዚህ ደግሞ የሚያስከስሰው እሱ ነው።

ናቲ፦
ለጊዜው ከቴክሳስ አልወጣም 😄። ግን ማንም ስለ ምላጩ አልመለሰልኝም። ልክ ነው፣ ስትስበው ይጎትታል፣ መቼ እንደሚተኩስ አታውቀውም። አስተማማኝነቱ ግን ጥያቄ የለውም። 300 ጥይት ገደማ ተኩሼበታለሁ፣ አንድም አልከሸፈም።

ዮኒ (ዴንቨር)፦
ሥራዬ የማሽን ፍተሻ ስለሆነ እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። 300 ጥይት ያለ ክሽፈት ጥሩ ዜና ነው። ግን ምን ያረጋግጣል? ቀላል ስሌት አለ። አንድም ክሽፈት ካላየህ 3ን ለተኮስከው ብዛት አካፍል። 3 ለ300፣ 1 በመቶ። በ95 በመቶ እርግጠኝነት ልትናገር የምትችለው «ከመቶ ጥይት ከአንድ በላይ አይከሽፍም» የሚለውን ብቻ ነው። ከመቶ አንድ ደግሞ መጥፎ ነው። 30 ጥይት የያዘ ካዝና ስትጨርስ ቢያንስ አንዴ የመክሸፍ ዕድሉ ከአራት አንድ ይሆናል። «ከሺህ አንድ» ለማለት 3 ሺህ ጥይት ያለ ክሽፈት ያስፈልግሃል። አንዱ ጥይት 50 ሳንቲም ቢሆን 1,500 ዶላር ነው።

ጠመንጃህ መጥፎ ነው አላልኩም። ገና አታውቀውም ነው ያልኩት። «በጣም አስተማማኝ ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ስንት ተኩሶ፣ በየትኛው ጥይት፣ በስንት ካዝና፣ ሳይወለውል ስንት ቆይቶ እንደሆነ ጠይቁት። አብዛኛው ሰው አንድ ጥሩ ካዝናና አንድ ዓይነት ጥይት ይዞ ነው የሚፈርደው።

አሁን ምላጩ። የቡልፐፕ ምላጭ የሚከብደው ጣትህ ያለበት ቦታና መዶሻው ያለበት ቦታ ስለሚራራቅ ነው። በመካከል ረዥም ማገናኛ ዘንግ አለ። የታቮር ምላጭ አሠራር ደግሞ እንደ ሳጥን አንድ ላይ ይወጣል፣ ሁለት ፒን ገፋ አድርገህ መቀየር ነው። ጋይስሊና ቲምኒ የሚባሉ ኩባንያዎች ይሠራሉ፣ በእርግጥም ይለሰልሳል። ግን መዶሻውንና ስፕሪንጉን በቀየርክ ቀን ያ 300 ጥይትህ ስለሌላ ጠመንጃ የተሰበሰበ ማስረጃ ሆነ። ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። በተለይ የመዶሻ ስፕሪንግ ሲለሰልስ ጠንካራ ካፕሱል (መርፌው የሚመታው የጥይቱ ቂጥ) ያለው የጦር ጥይት ላይ መርፌው በቂ ምት ላይመታ ይችላል። በለስላሳ የገበያ ጥይት ሞክረህ ደስ ይልህና ችግሩ በሌላው ጥይት ይመጣል።

ጋሽ ተሾመ፦
እኛ እንዲህ ያለ ሂሳብ ሳንሠራ ነው የተዋጋነው።

ዮኒ፦
ጋሼ፣ ሂሳቡን ሌሎች ሠርተውልዎት ነበር። ክላሽ እርስዎ እጅ ከመድረሱ በፊት በሚሊዮን የሚቆጠር ተመርቶ፣ በየበረሃው ተፈትሾ ነው። ናቲ ምላጩን ቀይሮ የሚይዘውን ጠመንጃ ግን ከናቲ በስተቀር የፈተሸው የለም።

ማስረሻ፦
እኛ ጋ ወታደር የራሱን ምላጭ ገዝቶ አይገጥምም። ይህን ክርክር አላውቀውም ነበር ማለት ነው 😄። ግን አንድ ነገር ልጨምር። የወታደር ምላጭ የሚከብደው ሠሪው ሰንፎ ብቻ አይደለም። ደክሞት፣ ጓንት አድርጎ፣ ግድግዳ ዘሎ ለሚወርድ ሰው ነው የተሠራው። ሲወድቅ እንዳይተኩስ ነው። ደግሞ የኤክስ-95 ከመጀመሪያው ታቮር በጣም የተሻለ ነው። የማነጣጠሪያ መነጽር ግዛ፣ ካዝና ግዛ። ካዝና መቀየር ተለማመድ፣ ቡልፐፕ ላይ ብብትህ ሥር ስለሆነ እጅህ ለምዶ መሄድ አለበት። ያኔ ምላጩን ትረሳዋለህ።

ሰናይት (ዳላስ)፦
ወንዶች፣ ናቲ አፓርታማ ነው የሚኖረው። የቤታችን ግድግዳ ጂፕሰም ቦርድ ነው። የዚህ ጠመንጃ ጥይት፣ 5.56 የሚባለው፣ በዚያ ሁሉ አልፎ ጎረቤት ቤት ይገባል፣ ምላጩ ለሰለሰ አልለሰለሰ። ቤት ውስጥ ልጅ አለ። የሚቆለፍ ሳጥን አለህ ወይ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አላየሁም።

ናቲ፦
ሰኒ፣ ሳጥን አለኝ። ቤቱን ለመጠበቅ ሳይሆን ለሜዳ ነው የገዛሁት። ግን ልክ ነሽ፣ የጎረቤቱን ግድግዳ አላሰብኩበትም።

ቤቲ፦
እንግዲያው ለሜዳ ከሆነ ምላጩን ቀይረው ባይ ነኝ። ዒላማ ላይ ከከሸፈ ትስቃለህ፣ ታወጣዋለህ፣ ትቀጥላለህ። ዮኒ የሚለው ሕይወትህን ለምታስይዝበት ጠመንጃ ነው።

ዮኒ፦
በዚህ ከቤቲ ጋር አልጣላም። ይቀይረው። የድሮውን ግን እንዳይጥለው። ከዚያ በኋላ ደግሞ «የእኔ አይከሽፍም» ብሎ እንዳይጽፍልን።

ጋሽ ተሾመ፦
እኔ አሁንም ሽጠው ነው የምለው። ለመሆኑ ስንት ያወጣል?

ማስረሻ፦
ኧረ ጋሼ! 😂

ቤቲ፦
ጋሼ፣ ከቴክሳስ ወደ ጆርጂያ በፖስታ፣ እቤትዎ ድረስ አይመጣም። ሁለት ስቴት ስለሆነ እርስዎ ጋ ፈቃድ ያለው ነጋዴ መቀበል አለበት። ምርመራውን አልፈው ነው የሚረከቡት። ናቲ፣ ዝም ብለህ እንዳትልክለት።