የጋራ ፕሮፖዛሉ ረቂቅ፦ መጀመሪያ መሳል፣ ከዚያ መለጠፍ

ጸሐፊ
ሰላም ለሁላችሁ። የሥልጠናው ፕሮፖዛል ዓርብ መላክ አለበት። ርዕሱ ለጊዜው «በሥዕል ማሰብ፣ ፈጠራና ማኅበራዊ ሚዲያ ለንግድ ሥራ» ነው። የዓላማው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «አባላት ማራኪ ፖስት የመሥራት ችሎታቸውን እንዲያሳድጉ ማድረግ»። ያልተዋጠላችሁን እዚሁ ጻፉልኝ፣ ማታ አስተካክዬ እመልሰዋለሁ።

ዲዛይነሯ
እኔ «ማራኪ» የምትለዋ አልተዋጠችልኝም። ገበያዬን በገዛ እጄ እየዘጋሁ መሆኑ ይገባኛል 😄 ግን ወደ እኔ የሚመጣ ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ የቸገረው ውበት አይደለም። «ቆንጆ አድርገሽ ሥሪልኝ» ይለኛል። «ምን እንዲልልህ ነው የምትፈልገው?» ስለው ዝም። በሥዕል ማሰብ የምንለው ለሰው ከማሳየት በፊት ለራስ መሳልን ነው። ሣጥን፣ ቀስት፣ ክብ ራስ ያለው ሰው፤ ከዚህ የበለጠ አይጠይቅም።

ሒሳብ ያዥ
ልጄ፣ ምሳሌ ስጪን። ፕሮፖዛሉን የሚያነበው ሰው እንደ እኔ ክብ እንኳ አስተካክሎ መሳል የማይችል ሊሆን ይችላል።

በኦንላይን የሚሸጠው አባል
ምሳሌው እኔ ልሁን። ፖስቶቼ ላይክ ያገኛሉ፣ ሽያጭ ግን የለም። ጥፋቱ የፎቶው ነው ብዬ ካሜራ ገዛሁ። ምንም ለውጥ የለም። አንድ ማታ፣ ደንበኛ ዕቃውን ካየበት እስከሚረከብበት ያለውን መንገድ ወረቀት ላይ ሳልኩት። ሰባት ሣጥን ወጣው። ሁለተኛው «ዋጋ በኢንቦክስ ይጠይቃል»፣ ሦስተኛው «ይጠብቃል»። ከዚያ ሃያ የቆዩ መልእክቶች አወጣሁና የጠበቁበትን ሰዓት ቀስቱ ላይ ጻፍኩ። አብዛኞቹ ግማሽ ቀን ጠብቀዋል! እኔ ስመልስ ሰውየው ከሌላ ገዝቶ ጨርሷል። ይህን መንገድ በቃሌ መቶ ጊዜ ተናግሬዋለሁ፤ ቆሞ የሚጠብቀውን ሰው ግን ያየሁት ስስለው ነው። አሁን ዋጋውን ፎቶው ላይ እጽፈዋለሁ። ካሜራው መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል።

ጸሐፊ
ይህ እንዳለ ይገባል። ካሜራውንም አልተውህም።

የሥልጠና ኃላፊ
ገጽ 2 ላይ «አእምሮ ምስልን ከጽሑፍ 60,000 ጊዜ ፈጥኖ ይረዳል» የሚለውን እባካችሁ እናውጣው። ከስላይድ ወደ ስላይድ ሲገለበጥ የኖረ ቁጥር ነው፤ ምንጩን የፈለጉ ሰዎች ጥናት አላገኙለትም። ገምጋሚው ይህን የሚያውቅ ከሆነ ቀሪውንም አያምነንም። በእሱ ፈንታ የእውነት የተሠራ ሙከራ አለ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ላየነል ስታንዲንግ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ሥራ ተሳታፊዎች 10,000 ሥዕሎች አይተው፣ በኋላ ካዩትና ካላዩት ጥንድ ውስጥ ያዩትን ለዩ ሲባሉ 83 በመቶ ያህሉን ለይተዋል። ምስል እንደሚታወስ ያሳያል። ያስታወሰ ሁሉ ይገዛል ማለት ግን አይደለም፤ ይህንንም አብረን እንጻፍ።

ሰብሳቢ
ጥሩ። የፈጠራው ክፍለ ጊዜ ላይ «ሁሉም በክብ ተቀምጦ ሐሳብ ያዋጣል» ይላል። ይህ ይበቃል?

የሥልጠና ኃላፊ
አይበቃም፣ ጋሼ። ብሬንስቶርሚንግን፣ ማለትም በቡድን ተቀምጦ ሐሳብ ማፍለቅን፣ ያስፋፋው የማስታወቂያ ሰው አሌክስ ኦዝቦርን ነው፤ ቡድን ከግለሰብ የበለጠ ሐሳብ ያፈልቃል ባይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 በዬል ዩኒቨርሲቲ ሲፈተን ግን፣ ለየብቻቸው የሠሩ አራት ሰዎች ሐሳባቸው ሲደመር አብረው ከተቀመጡት አራት ሰዎች በእጥፍ ገደማ በለጠ። አንዱ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1987 በተመራማሪዎቹ በዲልና በስትሮቤ ሙከራ ታይቷል፤ ሌላው ሲናገር ተራውን የሚጠብቅ ሰው የራሱ ሐሳብ ይታገድበታል። ስለዚህ መጀመሪያ አሥር ደቂቃ በዝምታ እያንዳንዱ ይሳል፣ ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ ወሬው ከዚያ በኋላ ይሁን። ስም አይጻፍበት።

ሰብሳቢ
አንተ ልጅ፣ ስብሰባዎቻችንን ታዝበህ ነው መሰለኝ። ይሁን። ስም አለመጻፉን ወድጄዋለሁ፤ የእኔ ሥዕል ሲሆን ሁሉም ያጨበጭባል።

ወጣቷ አባል
ኢንስታግራምና ቲክቶክ አጠቃቀም ላይ ሦስት ሰዓት ብቻ? እኔ የመጣሁት ለእሱ ነበር 🙈

ዲዛይነሯ
እህቴ፣ ቁልፉንና መጠኑን ከስልክሽ ትማሪዋለሽ፤ ደግሞም ይቀያየራል። የኢንስታግራም ተንሸራታች ፖስት (ብዙ ምስል በአንድ ላይ የሚይዘው) እ.ኤ.አ. በ2017 ሲመጣ እስከ 10 ምስል ነበር የሚይዘው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 20 ከፍ ብሏል። የዛሬውን ሜኑ ብናስተምር ማኑዋሉ ሳይታተም ያረጃል። በሦስቱ ሰዓት ግን ወረቀት ላይ ከሳልሻቸው ሣጥኖች አንዱን መርጠሽ እሱን ብቻ የሚናገር ፖስት ትሠሪያለሽ። አንድ ሣጥን፣ አንድ ፖስት። እንዲያውም ሦስት ሰዓት ሊያጥርሽ ይችላል።

ወጣቷ አባል
እሺ፣ አራት አድርጉት እንግዲያው።

ሒሳብ ያዥ
አራት ይሁን፣ የመክፈቻ ንግግሩን እናሳጥራለን። የእኔ ጥያቄ ውጤቱን በምን እንለካለን? ላይክ ብላችሁ ከጻፋችሁ አልፈርምም።

በኦንላይን የሚሸጠው አባል
ትክክል ብለዋል፣ እናቴ። እኔ የምቆጥረው ተደጋጋሚ ጥያቄ ነው። እያንዳንዱ ሠልጣኝ ከሥልጠናው በፊት ባለው ወር «ዋጋው?»፣ «የት ነው?»፣ «መጠኑ?» የሚሉ ስንት መልእክቶች እንደደረሱት ይቁጠር፤ ከሥልጠናው በኋላ ባለው ወርም እንደገና። ፖስቱ ሥራውን ከሠራ ጥያቄው ይቀንሳል።

ሒሳብ ያዥ
ጥያቄ የሚቀንሰው ገበያ ሲሞትም ነው እኮ።

በኦንላይን የሚሸጠው አባል
😅 ልክ ነው። ከትእዛዝ ቁጥር ጎን ለጎን ይቀመጥ። ጥያቄ ቀንሶ ትእዛዝ ካልቀነሰ ነው የምንቀበለው።

ዲዛይነሯ
አንድ ነገር ልጨምር፦ በቀለም ብቻ መልእክት እንዳናስተላልፍ። ቀይና አረንጓዴ የማይለዩ ሰዎች አሉ፤ ደብዛዛ ጽሑፍ በደማቅ ፎቶ ላይም ለማንም አይነበብም።

ጸሐፊ
ዓላማው አሁን እንዲህ ሆኗል፦ «አባላት የሥራቸውን ሂደት በቀላል ሥዕል አውጥተው፣ ደንበኛ የሚቆምበትን ቦታ እንዲያገኙና ፖስቶቻቸውን ለዚያ ቦታ እንዲሠሩ ማስቻል»። 60,000 ወጥቷል። ጋሼ፣ ይስማማዎታል?

ሰብሳቢ
«ማስቻል» የሚለው ፕሮፖዛል ፕሮፖዛል ይሸታል፣ ግን ፕሮፖዛል ነውና ይቆይ። የመለኪያውን ሠንጠረዥ ሒሳብ ያዥዋ አይታው ከጨረሰች በኋላ ላኪልኝ፣ እፈርማለሁ።